እትዬ እንፋሎት እና የተራራው ውሃ

እትዬ እንፋሎት ሲስቁ ብዙ ጊዜ አይቻቸዋለሁ። ሲያለቅሱ ያየኋቸው ግን አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ሽንኩርት እየከተፉ ስለነበር እርግጠኛ አይደለሁም። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታሞች ነን። እኔ በማዘጋጃ ቤት ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ስብሰባ በተቀመጡ ቁጥር ማን ምን እንዳለ በጽሑፍ የማሰፍረው እኔ ነኝ። በመንግሥት ወረቀት ላይ ስለ እሳቸው የሰፈረችውን አንዲት መስመር የጻፍኳትም እኔው ነኝ። አፋቸው እንደተናገረው አድርጌ ነው የጻፍኩት፤ ነገሩ ግን እውነት አልነበረም። ያ ስለሚከነክነኝ ነው ዛሬ ከሥሩ ጀምሬ የማወራው።

ከተማችን ከተራራ ሥር ናት። ተራራው አናቱ የተገመጠ ነው። ማንም በማያስታውሰው ዘመን እሳት ተፍቶ፣ አናቱን ወርውሮ ዝም አለ ይላሉ። ዝም ይበል እንጂ አልበረደም። በየስንጥቁ ነጭ እንፋሎት ይተነፍሳል፤ አንዳንድ ቦታ አፈሩ ጫማን አልፎ ውስጥ እግር ይለበልባል። ከከተማው ዳር ደግሞ ከቋጥኝ ሥር እየተንተከተከ የሚወጣ የፈላ ውሃ ነበር።

የእትዬ እንፋሎት አባት ግንበኛ ነበሩና በዚያ ምንጭ ላይ ስምንት የመታጠቢያ ክፍሎች ሠሩ። በእያንዳንዱ ክፍል አንድ የሲሚንቶ ገንዳ፣ አንድ የእንጨት አግዳሚ፣ ልብስ የሚሰቀልበት አንድ ትልቅ ምስማር፣ ከጣሪያው ሥር አንዲት ጠባብ መስኮት። ከዚህ ሌላ ምንም የለም። ወደየገንዳው ሁለት ቦይ ይገባል፤ አንዱ የፈላውን ከምንጩ፣ ሌላው ቀዝቃዛውን ከወንዙ ያመጣል። ሙያው ያለው መቀላቀሉ ላይ ነው። እትዬ እንፋሎት ክርናቸውን ነከር ያደርጉና «ይሄ ለወገብ ነው»፣ «ይሄ ለልጅ ነው»፣ «ይሄን ደግሞ ልቡ ደካማ የሆነ እንዳይገባበት» ይላሉ። ስማቸውም የወጣው ከዚያው ነው፤ ደንበኛ ሲገባ እሳቸው አይታዩም፣ ከነጩ እንፋሎት ውስጥ ድምፃቸው ብቻ ይመጣል። «አምስት ቁጥር ግባ! ፎጣውን መሬት ላይ እንዳትጥል!»

አባታቸው በሕይወት ሳሉ አንድ ሽማግሌ ውሃው በርትቶባቸው ገንዳ ውስጥ ራሳቸውን ስተው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግንበኛው ሙቀት መለኪያ ገዝተው፣ በየጧቱ የምንጩ ሙቀትና ከሥሩ ያለው ማጠራቀሚያ የውሃ ከፍታ በደብተር እንዲጻፍ አዘዙ። አባት ሲሞቱ ገንዳውም መለኪያውም ትእዛዙም ለልጅ ቀረ። እትዬ በር ሳይከፍቱ መለኪያውን በሲባጎ አስረው ወደ ምንጩ ያወርዳሉ፣ ምልክት በተቀረጸበት ዘንግ የውሃውን ከፍታ ያያሉ፣ ይጽፋሉ። ሰማንያ ሰባት ዲግሪ። በማግስቱም ሰማንያ ሰባት። ክረምት ሆነ በጋ ሰማንያ ሰባት።

«እትዬ፣ ያው ከሆነ ለምን በየቀኑ ይጽፋሉ?» ብዬ ጠይቄያቸው አውቃለሁ።

«ያው መሆኑን በምን አውቃለሁ ታዲያ?» አሉኝ።

ባላቸው የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። አንድ ቀን ጭነት ጭኖ ሄደ፤ ጭነቱ በሰላም ደረሰ፣ እሱ ግን በዚያው ቀረ። እትዬ ነገሩን ሲያወሩ ልክ እንደዚህ ብለው ስቀው ያልፉታል። አንዲት ሴት ልጅ ትቶላቸዋል። ልጅቷ ያደገችው ፎጣ እያጠፈች፣ የቤት ሥራዋን በስምንት ቁጥር ክፍል አግዳሚ ላይ እየሠራች ነው። ደብተሮቿ ሁሉ በእርጥበት የተጨማደዱ ነበሩ።

አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት፣ ተቆፍሮ ለመብራት የሚሆን እንፋሎት ሊፈልግ አንድ ወጣት ጂኦሎጂስት መጣ። መዶሻ፣ ትንንሽ ጠርሙሶችና አንድ የተጣጠፈ ካርታ ይዟል። ድንጋይ እየቀጠቀጠ ስለሚያዳምጥ ሕዝቡ ባንድ ሳምንት ውስጥ «የድንጋይ ሐኪም» አለው። እትዬ ግቢ ውስጥ ያለችውን አንዲት ክፍል ተከራየ። ተራራውን በካርታ ሲፈልግ ሁለት ሳምንት ፈጀ፤ ያገኘው አራት የእንፋሎት ቦታ ነው። እትዬ አዘኑለት።

«አንተ ልጅ፣ ፀሐይ ሊገድልህ ነው። ነገ በጧት ተነስና እኔ ላሳይህ።»

በሦስት ቀን አሥራ ሰባት ቦታ አሳዩት። የሚያፏጨውን፣ ቢጫ ድንጋይ ያለበትን፣ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ የሚተነፍሰውን። ጫማቸውን አውልቀው በእግራቸው መዳፍ እየመረመሩ «እዚህ ጋ ይበልጣል፣ እዚህ ጋ ያንሳል» ሲሉ እሱ መለኪያውን ይወጋል፤ እሳቸው ያሉት ነው የሚሆነው። እያንዳንዷን ቦታ በካርታው ላይ ነጥብ አደረገባት። የእሳቸውን ስም ግን የትም አልጻፈም፤ ያኔ ይህን ያስተዋለ ሰው አልነበረም፣ እሳቸውም ጭምር።

አንድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ፎጣ እያጠቡ፣ ልጅቷ እያሰጣች፣ እሱ ጠርሙሶቹን እየደረደረ ሳለ ልጅቷ ጠየቀችው።

«እሳቱ ከጠፋ ውሃው ለምን ይፈላል?»

የድንጋይ ሐኪሙ ጠርሙሱን አስቀመጠ። እትዬ ያን ጨዋታ ቃል በቃል ያስታውሱት ነበር፤ ለእኔም ደጋግመው አውርተውልኛል።

«እሳት መች ነበረ? የቀለጠ ድንጋይ ነው፣ ማግማ ይባላል» አላት። «ተራራው ሲፈነዳ ሁሉም አልወጣም። የሚበዛው እዚያው ከእግራችን በታች ብዙ ኪሎ ሜትር ወርዶ ቀርቷል። ረመጥ ታውቂያለሽ? ላዩን አመድ ሸፍኖት ውስጡ ግን ፍም የሆነ። እንደዚያ በይው። አሁን እየቀዘቀዘ ነው፤ እየቀዘቀዘም እየጠጠረ ነው።»

«ከቀዘቀዘማ አለቀ አይደል?»

«የለም፣ ቁም ነገሩ መቀዝቀዙ ላይ ነው። ሲቀዘቅዝ ሙቀቱን የት ያደርሰዋል? በዙሪያው ላለው ድንጋይ ይሰጠዋል። በጣም በዝግታ፣ በአሥር ሺህ ዓመታት። ከላይ ደግሞ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በስንጥቁ እየሰረገ ይወርዳል። የጋለው ድንጋይ ጋ ሲደርስ ይግላል፣ ከሁለት መቶ ዲግሪ በላይ ይሆናል፤ ግን ወዲያው እንፋሎት አይሆንም።»

«ለምን?» አሉ እትዬ፣ እጃቸው ሳሙና እንደሆነ።

«በላዩ ያለው የውሃ ክብደት ይጫነዋላ። ከዚያም በላይ ክዳን አለው። ሙቁ ውሃ ራሱ ስንት ዘመን ድንጋዩን እየበላ ጭቃ አድርጎታል፤ ያ ጭቃ እንደ ድስት ክዳን ገጥሞ ይዞታል። ክዳኑ የተሰነጠቀበት ቦታ ብቻ ነው የሚያመልጠው። የእርስዎ ምንጭ፣ እትዬ፣ የድስቱ ክዳን ቀዳዳ ነው።»

እትዬ ትንሽ አሰቡና ማንም የተማረ ሰው ሊጠይቀው የሚገባውን ጠየቁ። «እናንተ ድስቱን በሌላ በኩል ስትበሱትስ? የኔ ቀዳዳ ምን ይሆናል?»

«እንፋሎቱ መብራት የሚያመነጨውን ተርባይን ካዞረ በኋላ የቀረውን ውሃ መልሰን ወደ ታች እንከተዋለን። እንደገና ይግላል፣ እንደገና ይወጣል።»

«ባትመልሱትስ?»

ወጣቱ ውሸታም አልነበረም። «ሙቀቱ የልጅ ልጅዎም አይጨርሰው» አለ። «ቀድሞ የሚያልቀው ውሃው ነው። ካልመለስነው ከላይ ያለው ምንጭ መጀመሪያ ይደርቃል።»

ልጅቷ እርጥብ ፎጣ እንደያዘች ቆማ ቀረች። ከዚያ ቀን በኋላ ከዚህ ሌላ ወሬ አልነበራትም ማለት ይቻላል። የድንጋይ ሐኪሙ ሲሄድ አንድ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ተወላት። ዩኒቨርሲቲ ስትገባም ያጠናችው እሱኑ ነው፤ የውሃና የድንጋይ ኬሚስትሪ። ያስተማሯት ስምንቱ ገንዳዎች ናቸው። እትዬ በዚያ ዘመን አዲስ ልብስ ሲለብሱ አላየኋቸውም። ሰው «ልጅሽ እንዴት ናት?» ሲላቸው ደረታቸውን ነፋ አድርገው «የተማረ ይግደለኝ!» ይላሉ።

ቁፋሮው የመጣው ልጅቷ ሁለተኛ ዓመት ሳለች ነው። በአሥራ ሰባቱ ነጥቦች ዙሪያ መንገድ ተጠረገ፣ ማማ የሚያህል መቆፈሪያ ቆመ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ወረዱ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ለሙከራ የተከፈተ ቀን ጩኸቱ መስኮት ያንቀጠቅጥ ነበር። ባለሥልጣናቱ ጆሮአቸውን በጣታቸው ደፍነው አጨበጨቡ፤ እንዴት እንዳጨበጨቡ አይጠይቁኝ። እትዬም ተጋብዘው፣ ከፕላስቲክ የተሠራ ቢጫ ቆብ ተደፍቶላቸው ኋላ ቆመዋል። «ይሄ ሁሉ እኛ ሥር ነበር?» አሉኝ በጆሮዬ እየጮሁ።

ልጃቸው ተመርቃ ስትመጣ የኃይል ማመንጫ ጣቢያው ሥራ ጀምሮ ነበርና እዚያው ላቦራቶሪ ተቀጠረች። በየሳምንቱ ከየጉድጓዱ ናሙና እየቀዳች ትመረምራለች። እትዬ አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ። ለደንበኛው ሁሉ «የእንፋሎቱ ሐኪም የኔ ልጅ ናት» ይሉ ነበር። ልብስ ሰፊው፣ ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎት በየቅዳሜው ሦስት ቁጥር ክፍል የሚገባው የድሮ ደንበኛቸው፣ «እንግዲህ ለእኔም ጉልበት መድኃኒት ትቀምምልኛለቻ» እያለ ያሾፍባቸዋል።

በሁለተኛው ዓመት ውሃው ወደ ታች የሚገባበት የመመለሻ ጉድጓድ ተደፈነ። ሙቁ ውሃ ከድንጋይ ያሟሟውን ይዞ ስለሚወጣ፣ ሲቀዘቅዝ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ዓይነት ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ ያ ቅርፊት ቧንቧውን ዘጋው። ማጽዳት ወይም አዲስ መቆፈር ያስፈልግ ነበር። ለዚያም ጣቢያውን ለወራት ማቆም ግድ ይል ነበር፤ የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ደግሞ መቆም የሚባል ነገር ሞቱ ነው። ውሃው «ለጊዜው» ከጣቢያው በስተጀርባ ወዳለው ሸለቆ ይፍሰስ ተባለ። እኔ በማዘጋጃ ቤት ሠላሳ ዓመት ኖሬ «ለጊዜው» ከተባለ ነገር የረዘመ ዕድሜ ያለው አላየሁም። ሸለቆው ሰማያዊ ኩሬ ሆነ። ወጣቶች እየሄዱ ፎቶግራፍ ይነሱበት ጀመር።

በእትዬ ደብተር ላይ ሰማንያ ስድስት የሚል ተጻፈ። መለኪያው የተበላሸ መስሏቸው ሌላ ገዙ። ሁለተኛውም ሰማንያ ስድስት አለ። ከዚያ ሰማንያ አራት፣ ሰባ ዘጠኝ። የማጠራቀሚያው ከፍታ በስንዝር ወረደ። መጀመሪያ የደረቀው ከሁሉም ከፍ ያለው ስምንት ቁጥር ነው። ከዚያ ሰባት። አንድ ጧት ልብስ ሰፊው ገንዳው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ፣ ከዚያ ከውስጥ ተጣራ።

«እትዬ፣ ውሃው ረሳኝ እንዴ? ጉልበቴ ጋ እኮ አልደረሰም!»

«ቁጭ በል፣ እጨምርልሃለሁ» አሉት። የሚጨምሩት አልነበራቸውም። ልብስ ሰፊው ልብሱን ለብሶ ወጣና እንደ ወትሮው ሳይቀልድ ሄደ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣም።

ያን ሳምንት እሁድ ልጃቸው ልትጠይቃቸው መጣች። እኔ ቤታቸው የጣሪያ ቀዳዳ ልደፍንላቸው መሰላል ላይ ነበርኩና ሰማሁ። እትዬ ሽንኩርት ይከትፋሉ።

«ውሃው እየሄደ ነው» አሏት።

«አውቃለሁ፣ እማ።»

«ወዴት ነው የሚሄደው?»

ልጅቷ «ድርቅ ነው የሚሉት» አለች።

«እነማን ናቸው የሚሉት? አንቺ ምን ትያለሽ?»

«እማ...»

«ባለፈው ክረምት ጎርፍ ድልድዩን ይዞት ሄዷል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ዝናቡ ምን አደረጋችሁ? በዚህ ግቢ፣ አንቺ ፎጣ ይዘሽ ቆመሽ፣ ያ ልጅ ምን እንዳለን ረሳሽው?»

«አልረሳሁም።»

«ታዲያ ውሃውን ለምን አትመልሱትም?»

«እኔ ናሙና ነው የምመረምረው፣ እማ። ጣቢያውን የማዘው እኔ አይደለሁም።»

ቢላዋው ሰሌዳው ላይ ሲመታ ቆየ። ወደ ታች ብመለከት እትዬ ዓይናቸውን በክንዳቸው ይጠርጋሉ። እንዳልኩት፣ ሽንኩርት ነበር።

እትዬ አቤቱታ አስገቡ። ለሦስት ወር «ነገ ተመለሱ» ከተባሉ በኋላ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ጉባኤ ተቀመጠ። ሰብሳቢው ከወረዳ የመጣ ሰው ነው። ከጣቢያው በኩል ሥራ አስኪያጁ፣ ከጎኑ ልጅቷ። እትዬ ሠላሳ አንዱን ደብተር በሁለት ዘንቢል አሸክመው መጥተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሯቸው። የአባታቸው ጽሕፈት ያለበት ደብተር ብራና መስሏል። እኔ ብዕሬን ይዤ ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ።

ሥራ አስኪያጁ ሪፖርት አነበበ። «የምንጩ መቀነስ ከዝናብ እጥረት ጋር የተያያዘ የተፈጥሮ ለውጥ ሲሆን ከኃይል ማመንጫው ጉድጓዶች ጋር ግንኙነት እንዳለው የሚያሳይ ኬሚካላዊ ማስረጃ አልተገኘም።» ቀጥሎም ያዘጋጀውን ባለሙያ ስምና ፊርማ አነበበ። የልጅቷ ስም ነው። ሰብሳቢው እናትና ልጅ መሆናቸውን አያውቅም። አዳራሹ ውስጥ ያለነው የከተማው ሰዎች ሁላችንም እናውቃለን። አንድም ሰው አልተነፈሰም።

«እማማ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አለ ሰብሳቢው።

እትዬ አንዱን ደብተር ገለጡ። «እኔ የምለው እዚህ ተጽፏል። ጉድጓዶቹ ከተከፈቱም በኋላ ሰማንያ ሰባት ነበር። ውሃውን ወደ ሸለቆ ማፍሰስ ከጀመሩበት ወር በኋላ ነው የወረደው። ቀኑም አለ።»

ሰብሳቢው ጨዋ ሰው ነበር፣ ደብተሩን ተቀብሎ አየ። እውነቱን ለመናገር ወደ እሳቸው ያጋደለ ይመስል ነበር። ከዚያ ግን ሕጉ የሚያዘውን ጥያቄ ጠየቀ።

«ይህ ከሆነ ሪፖርቱ ሐሰት ነው ማለት ነው። ባለሙያዋ እያወቀች ሐሰተኛ ሰነድ ፈርማለች ነው የሚሉት? እንደዚያ ካሉ በእሷ ላይ ክስ እንዲመሠረት እናስተላልፋለን። አዎ ወይም አይደለም ይበሉኝ።»

እትዬ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ልጅቷ ጠረጴዛውን ታያለች። አንድ ጊዜ፣ ለአፍታ ብቻ፣ ቀና ብላ እናቷን አየች፤ ዓይኗ ውስጥ የነበረው ልመና ነው። ተነስታ «የፈረምኩት ተገድጄ ነው» ብትል ኖሮ ነገሩ ሁሉ በዚያች ደቂቃ ይለወጥ ነበር። እኔ ጠበቅኩ። እትዬም ጠበቁ፤ እንደጠበቁ አይቻለሁ። ልጅቷ መልሳ አቀረቀረች።

እትዬ ደብተሩን ዘጉ።

«እኔ ያልተማርኩ ሴት ነኝ» አሉ። «ተሳስቼ ይሆናል።»

«ስለዚህ አቤቱታዎን ያነሳሉ?»

«አነሳለሁ።»

ጻፍኩት። «አቤት ባይዋ ተሳስቼ ይሆናል በማለት አቤቱታቸውን አንስተዋል።» ያቺ መስመር ናት። «ተሳስቼ» የምትለዋን ቃል ሁለት ጊዜ ደልዣታለሁ።

ማታ ልጅቷ መጣች። ቀን ላይ ያላገኘችውን ቃል ይዛ በር ላይ ቆመች። «እማ፣ እግዜር ይስጥሽ» አለች።

«ለምኑ?» አሏት እትዬ ሳይነሱ። «አንቺ ለኔ ብለሽ አንዲት መስመር አልጻፍ አለሽ። እኔ ላንቺ ብዬ የአባቴንና የኔን ዕድሜ ዋጥኩት። ሂጂ አሁን፤ ነገ ሥራሽ እንዳይረፍድብሽ።»

ከዚያ በኋላ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ልጅቷ በዓመቱ ሹመት አግኝታ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ተዛወረች። ምንጩ ሌላ ስድስት ወር ተንጠባጠበ፣ ከዚያ ቀጥ አለ። ለጥቂት ጊዜ ከቋጥኙ ሥር ደረቅ እንፋሎት ብቻ እየወጣ ነበር፤ እሱም ተወ። እትዬ ቁልፉን ቆልፈው አንድ ሳምንት ቤታቸው ዋሉ። በሳምንቱ የጣቢያው የእንግዳ ማረፊያ ልብስ አጣቢ ይፈልጋል ሲባል ሰሙና ሄዱ።

«እትዬ፣ እዚያ?» አልኳቸው።

«ሆድ ጠላት ነው» አሉኝ። «ደግሞም እጄ የሚያውቀው ፎጣ ነው።»

የማረፊያው ሙቅ ውሃ የሚመጣው ከጣቢያው በቧንቧ ነው። የመጀመሪያው ቀን ቧንቧውን ከፍተው ክርናቸውን ነከሩ። አብራቸው የምትሠራ ሴት እንደነገረችኝ «የኔው ነው» ብለው አንሶላውን ዘፈዘፉ።

በሁለት ዓመቱ የድንጋይ ሐኪሙ ለስብሰባ መጥቶ እዚያው አረፈ። ጠጉሩ ሸብቷል፣ ሆዱ ወጥቷል፣ የሚጠብቀው መኪና ትልቅ ነው። በኮሪደር ላይ የአንሶላ ክምር ያቀፈች ሴት አየና ደነገጠ።

«እትዬ? እርስዎ እዚህ?»

«የት ልሁን? የድስቱ ክዳን ተከፈተ።»

ሁሉንም ነገሩት። ቆሞ ሰማ። «ጽፌላቸው ነበር» አለ በመጨረሻ። «ውሃው ካልተመለሰ ምንጮቹ ይደርቃሉ ብዬ በመጀመሪያው ጥናት ላይ ጽፌ ነበር። ከመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ነው፤ አላነበቡት ይሆናል።»

«እኔም ጽፌ ነበር» አሉት እትዬ። አንሶላቸውን አስተካክለው ታቅፈው አለፉ። ሲነግሩኝ አልተቆጡም፤ እንዲያውም «ምስኪን፣ መኪናው እንጂ እሱ አልተለወጠም» አሉ።

የመታጠቢያ ቤቱን መሬት ጣቢያው ለመጋዘን ፈለገው። ካሳ የተባለች ነገር ሰጥተው ዶዘር ላኩ። ዶዘሩ የመጣው እትዬ ሥራ ላይ ሳሉ፣ ከተነገራቸው ቀን በሁለት ቀን ቀድሞ ነው። ሲደርሱ ስምንቱ ገንዳዎች ተገፍተው አንድ ክምር ፍርስራሽ ሆነዋል። አንድ ቁጥር ክፍል ውስጥ በቆርቆሮ ሳጥን ያስቀመጧቸው ደብተሮችም እዚያው ሥር ናቸው። የዶዘሩ ሾፌር ይቅርታ ጠየቃቸው፤ ይቅርታ የጠየቃቸው ሰው እሱ ብቻ ነው።

ጣቢያውም ብዙ አልሳቀ። ውሃ ሳይመለስለት ዓመታት የተቀዳ ድስት ግፊቱ ወረደ፤ ከሁለቱ ተርባይኖች አንዱ ቆመ። ያኔ ነው ሁሉም ነገር የታወቃቸው። አዲስ የመመለሻ ጉድጓዶች ይቆፈሩ ተባለ፣ ከውጭ አማካሪዎች መጡ። አማካሪዎቹ መጀመሪያ የጠየቁት «ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት የምንጮቹ ሙቀትና ከፍታ ስንት ነበር? መዝገብ አላችሁ?» የሚል ነው። መዝገብ የለም። መዝገብ የት እንደነበረ የሚያውቅ ሰው ግን በዋናው መሥሪያ ቤት ነበር፤ የእትዬ ልጅ፣ እዚያ ሥራ አስኪያጅ ሆናለች። እሷው ተላከች።

ልጅቷ ስትመጣ እኔ እትዬ ቤት ቁጭ ብዬ ነበር። ልነሳ ስል እትዬ «ተቀመጥ፣ አንተ ምስክር ነህ» አሉኝ። ልጅቷ ጠጉሯን ቆርጣዋለች፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«እማ፣ ደብተሮቹ አሉ?»

«የሉም።»

«የት ሄዱ?»

«ከአያትሽ ገንዳ ጋር ተገፉ። ዶዘሩን የላከው የአንቺ መሥሪያ ቤት ነው፤ ፊርማው የማን እንደሆነ እኔ አላየሁም።»

ልጅቷ ፊቷ አመድ መሰለ። ቦርሳዋን ከፈተች፣ ማስታወሻዋን አወጣች። «የምታስታውሽው ካለ፣ ትንሽም ቢሆን... ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየቀኑ ጽፈሻል እኮ።»

«አላስታውስም» አሉ እትዬ።

ዋሹ። እኔ አውቃለሁ፤ ፎጣ ሲያጥፉ ዓመቱን ከነወሩ እንደ መዝሙር ሲያወርዱት ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ልጅቷም አወቀች። ማስታወሻዋን መልሳ ከተተች፤ ማልቀስ ጀመረች፣ ድምፅ የሌለው ለቅሶ። እትዬ እጃቸው ወደ እሷ ሄዶ መንገድ ላይ ቀረ። ጨርቅ አንስተው ጠረጴዛውን ጠረጉ። ጠረጴዛው ንጹሕ ነበር።

«ውሃውን አሁን ልትመልሱት ነው አሉ» አሏት ቆየት ብለው።

«አዎ። በሚመጣው ዓመት።»

«ምንጩ ይመለሳል?»

ልጅቷ በዚህ ጊዜ ዓይኗን አልሰበረችም። «አይመስለኝም፣ እማ። ግፊቱ ሲያድግ የሚወጣበት ቦታ ሌላ ሊሆን ይችላል። ያ ስንጥቅ በቅርፊት ሳይደፈን አይቀርም።»

«አየህ» አሉኝ እትዬ ወደ እኔ ዞረው፣ «እውነት መናገርማ ታውቃለች።»

ያ ከሆነ አራት ዓመት አልፏል። እትዬ እንፋሎት ጡረታ የላቸውም፤ የእንግዳ ማረፊያው ሲዘጋ ባዶ እጃቸውን ወጡ። ልጃቸው በየወሩ ገንዘብ ትልክላቸዋለች፣ አይመልሱባትም፣ ተቀብያለሁ ብለውም አይደውሉላትም። እሷ ግን እሁድ እሁድ ትደውላለች። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ይሰማኛል። ደህና ነሽ? ደህና ነኝ። ዝናብ አለ? አለ። ጉልበትሽስ? ያው ነው። ከዚያ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ልጅቷ በዚያ በኩል አትዘጋውም፣ እትዬም በዚህ በኩል አይዘጉትም፤ ስልኩን ጆሮአቸው ላይ አድርገው ቁጭ ይላሉ፣ የካርዱ ሒሳብ እስኪያልቅ ድረስ።